ያልተለበለበ ካራ

…ሽንት ቤት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመው ሽታውን በአፍንጫቸው ይስቡት ነበር ትላለች፣ በሽታው ከመጥፎ አየር ይመጣል ብለው ስላመኑ፣ ከዚያ የባሰ ግማት ያባርረዋል ብለው፣ ማለዳ ማለዳ፣ እንደ ጸሎት፣ ትፍ፣ ሐኪም ያላቸው ሰዎች ናቸው እኮ፣ ንጉሥ ያላቸው፣ ልጄ ቤዚ ደጁ ሳር ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ የእንግሊዝኛውን ወረቀት ወደ አማርኛ እየገለበጠች ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሰኞ ሶዶ ትምህርት ቤቷ ተማሪ ፊት ቆማ የምታቀርበው ነው፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰዎች ከወረርሽኝ ለማምለጥ ምን ያደርጉ ነበር፣ እኔ ከቤቱ ጎን እንሰቱ ሥር ጎንበስ ብያለሁ፣ የማልሰማ መስዬ እሰማለሁ።

አባዬ ትሰማኛለህ? እህ። አበባ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ይዞሩ ነበር፣ አየሩን ለማጽዳት በየመንገዱ እሳት ያነዱ ነበር፣ አይገርምም? እህ።

ካራዬን አሳርፌ ግንዱን አቋርጠዋለሁ። ይኸው። ስድስት ዓመት ያሳደግኩት እንሰት፣ ከመሃሉ ቢጫ ልጋግ ይወጣል፣ ጠብታ ጠብታ እየሆነ፣ እንደ ታመመ ዓይን፣ ሽታው ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ የሞተ ከብት ሽታ አይደለም፣ የሞተ ከብት ሽታው ግልጽ ነው፣ ታውቀዋለህ፣ ትሸሸዋለህ፣ ይህኛው ጣፋጭ ነገር አለው፣ የሚቀፈኝ ጣፋጩ ነው። ሠላሳ ሁለት ነበሩ። አሥራ ዘጠኙን ቀብሬያለሁ። የቀሩትም ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ መሃሉ ላይ እየተሰበረ ነው፣ አጠውልግ ይለዋል የልማት ሠራተኛው፣ የእንሰት አጠውልግ፣ መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ መቅበር ብቻ። በቆሎ ቢቀር በቆሎ ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ትላለህ፣ እንሰት ያለቀበት ቤት ግን ሚያዝያ ላይ ምን ይበላል፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ማን ይሄዳል።

ደግሞ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ይገርፉ ነበር አባዬ፣ በሰልፍ ሆነው፣ ደም እስኪወጣቸው፣ እግዚአብሔር እንዲታረቃቸው ብለው። ይገርፉ። ከከተማ ከተማ እየዞሩ እኮ ነው፣ ግን ሳያውቁት በሽታውን ራሳቸው ይዘውት ይሄዱ ነበር፣ በደረሱበት ሁሉ ሰዉ ወጥቶ ይቀበላቸዋል፣ ያበላቸዋል፣ እነሱ ሲሄዱ ይሞታል።

ቀና እላለሁ። ምን አልሽ? ይዘውት ይሄዱ ነበር ነው ያልኩት። ሰዉ ወጥቶ ይቀበላቸዋል? አዎ፣ እንደ ቅዱስ ነው የሚያያቸው። አንብቢ፣ እላለሁ፣ ዝቅ ብዬ ካራዬን ሣር ላይ እጠርጋለሁ፣ በዚህ በኩል አንድ ጊዜ፣ በዚያ በኩል አንድ ጊዜ፣ እጄ ከልማዱ አይወጣም።

ይህ ካራ። ሥራው የታወቀ ነው፣ የሠራው ቀጥቃጭ ሞቷል፣ አሁን እንዲህ ያለ ብረት የለም፣ የሚሸጡት የመኪና ሞላ ቅጥቅጥ ነው፣ ስለቱ በሁለተኛው ቀን ይጠፋል፣ የእኔ ግን አንድ ቅጠል በአንድ ምት፣ ሳይጎተት፣ ሳይቀደድ። የልማት ሠራተኛው ነሐሴ ላይ ጎረቤቴ ለገሰ ደጅ ሰብስቦን ነበር፣ የለገሰ ማሳ የመጀመሪያው ነበር፣ በሽታውን ከገበያ የገዛው ችግኝ ይዞት መጣ፣ ያ ልጅ እግር ሠራተኛ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ወረቀት ይዞ፣ የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፣ የታመመ ተክል የነካ ማንኛውም የመቁረጫ መሣሪያ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛ ተክል መንካት የለበትም፣ አለ፣ ሰማሁ፣ በደንብ ሰማሁ፣ አራተኛ ክፍል ያቆምኩ ብሆንም ጆሮ አለኝ። በልቤ ግን እሳት የገባ ካራ ይሞታል አልኩ። ስለቱ ይለዝባል፣ ሰማያዊ ይሆንና ያበቃል። ይህን የወረቀት ሰው አያውቀውም።

መስከረም ላይ ለገሰ የታመሙትን ሲነቅል ደቦ ወጣን፣ ቀኑን ሙሉ አብሬው ቆረጥኩ፣ ልጋጉ እስከ ክርኔ። ማታ ካራውን አጠብኩት። በውኃ። ሣር ላይ ጠረግሁት። በሁለተኛው ቀን ጊፋታ ነበር፣ አዲስ ዓመታችን፣ የአምስት ቤት ቅርጫ፣ በሬው ታርዶ ሥጋው የሚደለደልበት ቅጠል ከየአባሉ ጓሮ ይቆረጣል፣ ከአንድ ቤት ብቻ ከተቆረጠ የአንዱ በረከት ሌላው ላይ አያርፍም ይባላል፣ ቆራጩ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ከአባቴ ጀምሮ፣ ከቤት ቤት እዞራለሁ፣ ሴቶቹ ወጥተው ይቀበሉኛል፣ ቅቤ አናቴ ላይ ያደርጋሉ፣ ና ግባ፣ ከዚህኛው ቁረጥ፣ ከትልቁ፣ በለገሰ ጀመርኩ፣ ከዚያ የገብረሥላሴ፣ ከዚያ የማቲ እናት፣ ከዚያ የአድነው፣ መጨረሻ የራሴ፣ አምስት ጓሮ፣ አንድ ካራ፣ ምት፣ ምት፣ ምት። ሳቅሁም መሰለኝ ያን ቀን።

ኅዳር ላይ አምስቱም ጓሮ ጠወለገ፣ ለለገሰ የተረፉትም ጭምር። በዞርኩበት ቅደም ተከተል።

አባዬ ደግሞ ይህን ስማ፣ ሚላን የሚባል ከተማ የታመመ ሰው ያለበትን ቤት በር በግንብ ደፈኑት፣ ጤነኞቹንም አብረው። እህ። ሌላ ቦታ ደግሞ አይሁዶች ናቸው የውኃ ጉድጓዱን የመረዙት ብለው አቃጠሏቸው፣ በሽታው ገና ከተማው ሳይደርስ ነው እኮ፣ አስቀድመው አቃጠሏቸው፣ ከዚያ በሽታው መጣ። መጣ? መጣ፣ ምን ይመልሰዋል፣ ቁንጫ ነው፣ የአይጥ ቁንጫ፣ ቤታቸው ውስጥ ነበር። ወረቀቱን ታጥፋለች። ተሜ ናት፣ ታጥፈውና ያበቃል፣ እኔ ግን አፌ ውስጥ መራራ ውኃ ይሞላል፣ እተፋለሁ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ ጎረቤት የሚያቃጥል እጅ መልሶ ዳቦ እንዴት ይቆርሳል፣ ልብሴን አምጪ፣ ስብሰባ አለ።

ስብሰባው የዕድር ነው፣ ገብረሥላሴ ደጅ፣ ነገሩ ደግሞ ሰናይት ናት። ሰናይት ሸክላ ሠሪዋ፣ ከታች ከወንዙ በላይ ጎጆ ያላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች፣ ማሰሮ በጀርባዋ አዝላ በማሳዎቻችን መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ወጥታ ወደ ገበያ የምትሄድ፣ እሷ ናት አሉ፣ የረገጠችው ሁሉ ይጠወልጋል፣ የሸክላ ጭቃ ከእግሯ ይንጠባጠባል፣ ዓይኗም ጥሩ አይደለም፣ ዛሬ መንገዱን ሊዘጉባት ነው። ከተዘጋ በወንዙ ዙሪያ ግማሽ ቀን ነው፣ ግማሽ ቀን የተሸከመችው ማሰሮ ገበያ ሲፈታ ነው የሚደርሰው፣ ያልተሸጠ ማሰሮ ደግሞ አይበላም።

እሄዳለሁ። በየአጥሩ ያለውን አያለሁ፣ አድነው የበሬ ራስ ቅል እንጨት ላይ ሰክቷል፣ የማቲ እናት የደረቀ በርበሬ ታጨሳለች፣ መንገዱን ሁሉ ያስላል፣ ለገሰ ነጭ ሽንኩርት በገመድ ሰክቶ በሩ ላይ፣ ደሞ አመድ፣ የአመድ መስመር፣ የእሷ እግር እንዳይሻገር፣ ሁሉም ከእሷ ማሰሮ ነው የሚበሉት፣ ማታ ወጡ የሚሠራው በእሷ ሸክላ ነው፣ ጧት እሷ ስታልፍ በነጠላ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። የእኔ ቤት ሰዎችም። የቤዚ እናትም ትይዛለች፣ አይቻታለሁ፣ ምንም አላልኳት፣ እኔ ምን ብዬ አውቃለሁ፣ ዝም የሚል ሰው ነኝ፣ ዝምታዬን ጨዋነት ይሉታል፣ ሰውየው ቁም ነገረኛ ነው፣ አይቀባጥርም፣ ሃያ ዓመት በዚህ ስም በልቻለሁ።

ሳሩ ላይ ተቀምጠዋል። ገብረሥላሴ ወንበር ላይ፣ የዕድሩ ዳኛ ናቸው፣ ዱላቸው ጉልበታቸው መሃል። ና የቤዚ አባት፣ ና ተጠጋ፣ አንተን ነው የጠበቅን፣ ጉዳዩ ያው የምታውቁት ነው፣ በአጀንዳነት የተያዘው የማሳ መንገድ ጉዳይ ነው፣ ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ። ሐሳብ ምን ያስፈልጋል ይላል ለገሰ፣ እሾህ ነው የሚያስፈልገው። ይስቃሉ። ማቲ ሞተር ሳይክሉን ተደግፎ ነው፣ ከበዴሳ ሰው አድርሶ መጣ፣ ጫቱ ጉንጩ ላይ፣ አቦ ዝጉዋ፣ ምን ታካብዳላችሁ፣ እኔ ራሴ ትናንት መንገድ ላይ አግኝቻት በሞተር ጭስ አጠንኳት፣ ሆ ሆ ሆ፣ አንተ ባለጌ፣ ስድብህ እንኳ ናፍጣ ይሸታል፣ ይላል ለገሰ፣ ናፍጣ አይደለም ጋሼ ቤንዚን ነው። ይስቃሉ። ጸሎት እናድርግ፣ ይላል አድነው፣ እናደርጋለን ግን በመጀመሪያ ይዘጋ፣ በመጀመሪያ ይዘጋ ይላሉ ሁሉም፣ ገብረሥላሴ፣ እንግዲያው ተስማምተናል፣ መንገዱ የሚጀምረው በቤዚ አባት አጥር በኩል ስለሆነ እሾሁን እሱ ያጋድማል፣ ነገ ማለዳ፣ ተስማማህ?

ዝም እላለሁ። ዝምታዬን ያውቁታል፣ እሺ ማለት ነው፣ ሃያ ዓመት እሺ ማለት ነበር፣ ገብረሥላሴ ዱላቸውን አንስተው ሊነሡ ነው፣ አሁን ካልተናገርኩ ነገ እሾህ የተሸከመው እጅ የእኔ ነው፣ ልጋጉ እስከ ክርኑ የነበረው ይኸው እጅ፣ የጉሮሮዬን ሽታ እሸተዋለሁ፣ ጣፋጩን፣ ከውስጤ የሚወጣ ይመስለኛል።

ካራው ነው።

ምን አልክ?

ካራው ነው። የእኔ። በጊፋታ ከለገሰ ወደ እናንተ ሁሉ ዞሬበታለሁ። አልለበለብኩትም።

ይኸው ወጣ። ከዚህ የረዘመ ነገር ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ፣ ይስደቡኝ፣ ለገሰ ይነሣና አንገቴን ይያዘኝ፣ አድነው አምስት ልጅ አለው ድንጋይ ያንሣ፣ እጠብቃለሁ፣ የሚመጣው ግን ሳቅ ነው። ማቲ ነው የጀመረው፣ ጋሼ በዓመት አንዴ ይናገራሉ፣ እሱንም ቀልድ አደረጉት፣ ካራ እግር አወጣ እንዴ? ለገሰ ተነሥቶ መጥቶ ትከሻዬን ይይዛል፣ በፍቅር፣ ትፍ፣ በፍቅር ይይዘኛል፣ ወንድሜ፣ አንተ እኮ ማሳዬ ውስጥ ከንጋት እስከ ማታ አብረኸኝ የቆረጥክ ሰው ነህ፣ የአንተ እጅ በረከት ነው፣ ለአንዲት ሸክላ ሠሪ ብለህ ራስህን አታቆሽሽ። የአንተ አባት ለአባቴ ቆርጧል፣ ይላል አድነው፣ የዚያን ጊዜ ለምን አልጠወለገም? አልታመመም ነበራ፣ ልል እፈልጋለሁ፣ ማንም አይሰማም፣ ገብረሥላሴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አዝኖላት ነው፣ ልቡ ርኅሩኅ ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት አናውቀውም ነበር፣ እሾሁን ሌላ ሰው ያግዘው። እንደ ቅዱስ ያዩኛል። ልውጣ፣ ልነሣ፣ ከዚህ ሳር ልነሣ፣ ቢያሙኝ ይሻል ነበር፣ ቢተፉብኝ ይሻል ነበር፣ የለገሰ እጅ ትከሻዬ ላይ ሞቆኛል፣ ሙቀቱ ያቅለሸልሸኛል።

ቁልቁል እወርዳለሁ። ወደ ቤቴ አይደለም። ቤዚ አጥሩ ጋ ቆማ ምን ተባለ አባዬ ትላለች፣ አልፋታለሁ፣ አባዬ፣ አባዬ፣ እመለሳለሁ እላታለሁ፣ ሰናይት ጋ ሄጄ እንዲህ ልላት ነው፣ መንገዱን ቢዘጉት የእኔን አጥር ሁለት ቋሚ እነቅልና በደጄ ታልፋለሽ፣ ማን ምን ያገባዋል፣ የገዛ ደጄ ነው፣ ይህን ያህል ማድረግ እችላለሁ፣ አፌ ባይችል እጄ ይችላል፣ ሃምሳ ዓመት ስኖር እዚህ ጎጆ ወርጄ አላውቅም፣ ልጅ ሆነን አትሂዱ ይሉን ነበር፣ ውኃቸውን አትጠጡ፣ ድንበር ያለ ይመስል እዚህች ድንጋይ ጋ ስንደርስ እንመለስ ነበር፣ ድንጋይዋ አለች፣ አልፋታለሁ።

ሰናይት ውጭ ናት። ጭቃ እየረገጠች ነው፣ በባዶ እግሯ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ቀና ብላ ታየኛለች።

እባክዎ እዚያው ይቁሙ፣ የቤዚ አባት።

እቆማለሁ። መንገዱን ሊዘጉት ነው፣ እላለሁ። ሰምቻለሁ፣ ማቲ ትናንት በሞተሩ እየዞረ ነግሮኛል። በእኔ ደጅ እለፊ፣ አጥሩን እከፍታለሁ። አንድ እርምጃ እራመዳለሁ፣ እጇን ታነሣለች፣ ጭቃ ነው፣ እዚያው አልኩዎ፣ አይጠጉ፣ በእርስዎ ደጅ አላልፍም፣ የእርስዎ አፈር ታሟል፣ በእግሬ ይዤው ብገባስ?

ወደ ምን ትገቢያለሽ፣ ልላት ነው፣ ከዚያ አያለሁ። ከጎጆዋ ኋላ። ሰባት ናቸው። ስምንት። እንሰት፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅጠላቸው ቀጥ ብሎ ሰማይ የሚወጋ፣ አንድ ቢጫ የለም፣ ሥራቸው ላይ ችግኝ አቆጥቁጧል፣ አንዱ ግንድ ብቻውን አርባ ችግኝ ይወጣዋል፣ ጤነኛ፣ በዚህ ቀበሌ ጤነኛ እንሰት ካየሁ ሁለት ወር ሆነኝ።

እንዴት፣ እላለሁ። ምን እንዴት አለው፣ ከእኔ ጓሮ ማን ቅጠል ቆርጦ ያውቃል? ቅርጫ ማን አስገባኝ? ካራ ማን አዋሰኝ? ደቦ ማን መጣልኝ? በጊፋታ ከዚህ ሆኜ አየሁዎ፣ ከቤት ቤት ሲዞሩ፣ ከለገሰ ጀምረው። አይተሽ ነበር? አየሁ። ለምን አልተናገርሽም? ጭቃውን ትረግጣለች፣ ረግጣ ረግጣ፣ ለማን?

ለማን።

ሰው ከወንዝ እንደሚወጣ ውሻ መላ አካላቱን አራግፎ ቆዳውን መጣል ቢችል፣ አሁን እጥለው ነበር፣ ምክንያቱም ምን እያደረግሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ እሷ ስትናገር ዓይኔ እየቆጠረ ነው፣ ችግኙን እየቆጠረ ነው፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መሬቱ አንድ ዓመት ካረፈ በኋላ፣ ለእኔ ሠላሳ ይበቃል፣ ለለገሰም፣ ትሰጠኛለች፣ ሰው ናት፣ ብለምናት ትሰጠኛለች፣ ይህን ነው ሆዴ የሚለው፣ መንገዷ ሳይከፈት፣ ስሟ ሳይጠራ፣ ከዘጉባት ሰዎች መሃል ተነሥቼ መጥቼ ገና ትንፋሼ ሳይመለስ፣ ሆዴ እጁን ዘረጋ። ከልጋጉም የባሰ። እንዲህ ያለ ነገር በራሴ ውስጥ አለ? አለ። እዚህ ነበር።

አይተዋቸዋል፣ ትላለች። ዓይኔን ተከትላ ነው። አዎ። ታዲያ? በድምፅዋ ስድብ የለም፣ ልመናም የለም፣ ማሰሮ የሚገዛ ሰው እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችኝ።

ምንም፣ እላታለሁ። መንገዱ ይቅደም።

ስለ ካራው ነግረዋቸው ነበር እንዴ? ነገርኳቸው፣ ሳቁ። መርገጧን ትተዋለች። ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ነዋ የነገሯቸው፣ ትላለች፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ይስቃሉ፣ ከዚያ ተመልሳ ትረግጣለች፣ ጨረሰች፣ ሰላምታም የለም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

ዳገቱን እወጣለሁ። ፀሐይ አለች ገና። ምን ብዬ እጀምራለሁ፣ ነሐሴ ላይ የልማት ሠራተኛው ያለውን ሰምቼ ነበር ብዬ፣ ሰምቼ ስለቴን መረጥኩ ብዬ፣ ይህን አልነገርኳቸውም፣ ካራው ነው አልኩ እንጂ እኔ ነኝ አላልኩም፣ ካራ ላይ ማን አይስቅም። አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ሚስቶቻቸው ፊት፣ የጠወለገው ፊት፣ የትኛውን ቅጠል እንደቆረጥኩ እያሳየሁ፣ ምልክቱ ግንዱ ላይ አለ፣ ጠባሳው፣ ከዚያ ነው የጀመረው፣ ጣታቸውን አስገብተው ይሽተቱት። የሰናይትን እንሰት አልነግራቸውም፣ ከነገርኳቸው በአንድ ሌሊት ነቅለው ይጨርሱታል፣ እሷ ራሷ ካልነገረች አፌን አይወጣም፣ እዚህ ላይ ዝምታዬ ይጥቀም። ማመን ካልፈለጉ ነገም እመጣለሁ። እሾህ የሚያጋድም ካለ እኔ ላይ ያጋድማል።

የለገሰ ውሻ ይጮኻል፣ ያውቀኛል፣ ግን ይጮኻል። የበርበሬው ጭስ ዓይኔን ያቃጥለዋል። ሚስቱ በሩ ላይ ብቅ ትላለች፣ ውይ የቤዚ አባት፣ ግቡ እንጂ፣ ምነው ውጭ ቆሙ፣ ግቡ።

አልገባም። ለገሰን ጥሪልኝ። እዚሁ ቆሜ ነው የምናገረው።